ከባሕር ጥልቀት እስከ ማሕፀን፦ የፊዚክስ ሊቁ የፖል ላንዥቫን ሕይወትና ሥራ

አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ወደ ጤና ተቋም መጥታ በሆዷ ላይ ጄል ተቀብቶ የአልትራሳውንዱ ፕሮብ ሲያርፍበት፣ የጽንሱ የልብ ትርታ፣ የእንግዴ ልጁ አቀማመጥና የእንሽርት ውኃው መጠን ወዲያውኑ በመስኮቱ ላይ ይታያል። የእንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ዘግቶ ከተገኘ እናቲቱ ደም ሳይፈስሳትና ምጥ ሳይጀምራት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ትላካለች። በደቂቃዎች ምርመራ የሁለት ሰው ሕይወት ከአደጋ ይተርፋል ማለት ነው። በዚህ መሣሪያ በየዕለቱ የሚሠራው የጤና ባለሙያ ብዙ ነው፤ የመሣሪያውን መነሻ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

የአልትራሳውንድ ቴክኒክ መሠረት የተጣለው በሆስፒታል ውስጥ አልነበረም። መሠረቱ የተጣለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በፈረንሳይ የባሕር ኃይል ወደብ፣ ከውኃ በታች ተደብቀው መርከቦችን የሚያሰጥሙ ሰርጓጅ መርከቦችን ለማግኘት በተደረገ ምርምር ነው። የምርምሩ መሪ ፖል ላንዥቫን የተባሉ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። የእኒህ ሰው ታሪክ የአንድ መሣሪያ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዕውቀት ለጥፋትም ለደኅንነትም ሊውል በሚችልበት ዘመን አንድ ምሁር ኃላፊነቱን እስከ ምን ድረስ ሊሸከም እንደሚገባው የሚያሳይ ታሪክም ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ፖል ላንዥቫን በጥር 23 ቀን 1872 በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም። በእናታቸው በኩል የሚወለዱት ከፊሊፕ ፒኔል ዘር ነበር። ፒኔል በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በሰንሰለት ይታሰሩ የነበሩ የአእምሮ ሕሙማን እንደ ሰው ተቆጥረው በርኅራኄ እንዲታከሙ በመታገል በሕክምና ታሪክ ስማቸው የሚነሣ ሐኪም ናቸው።

ላንዥቫን በ1888፣ ገና በ16 ዓመታቸው፣ ወደ ፓሪስ ከተማ የኢንዱስትሪ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት ከተመሠረተ ገና 6 ዓመቱ ነበር። በቤተ ሙከራው ተማሪዎችን የሚያሠለጥኑት ወጣት መምህር ፒዬር ኪዩሪ ይባላሉ። ፒዬር ኪዩሪ ከወንድማቸው ከዣክ ጋር በ1880 አንድ አስደናቂ ግኝት ይፋ አድርገው ነበር፤ እንደ ኳርትዝ ያሉ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ወይም ሲስቧቸው በገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጠራል። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ መኖሩን፣ ማለትም ክሪስታሉ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያገኝ ቅርጹን በጥቂቱ እንደሚለውጥ አረጋገጡ። ፒዬዞኤሌክትሪክ የተባለው ይህ ባሕርይ በጊዜው የቤተ ሙከራ መሣሪያ ከመሆን ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። ሆኖም ተማሪው ላንዥቫን ከመምህራቸው የቀሰሙት ይህ ዕውቀት ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ለታላቅ ሥራ ይጠቅማቸዋል።

ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ፣ በመምህራቸው በኪዩሪ ማበረታቻ ጭምር፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ወደሆነው ወደ ታዋቂው ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ገቡ። በ1897 የፊዚክስ መምህርነትን የብቃት ፈተና በአንደኛነት አለፉ። በዚያው ዓመት ከፓሪስ ከተማ ባገኙት የነፃ ትምህርት ዕድል ወደ እንግሊዝ ሀገር ተሻግረው በካምብሪጅ በሚገኘው የካቬንዲሽ ቤተ ሙከራ በጄ. ጄ. ቶምሰን ሥር ለአንድ ዓመት ሠሩ። ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኙበት ጊዜ ነበር። ኤርነስት ረዘርፎርድም ያን ጊዜ በዚያው ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ወጣት ነበሩ፤ በሁለቱ መካከል የተጀመረውም ወዳጅነት ዕድሜ ልካቸውን ዘለቀ።

ከጨረር መለኪያ እስከ ኦክስጅን ማግኔትነት

ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኙት በ1895 ነው። በዚያን ዘመን የነበሩ ወጣት ተመራማሪዎች ከሚያስጨንቋቸው ጥያቄዎች አንዱ ራጅ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ይፈጥራል የሚል ነበር። ጨረሩ የአየሩን ሞለኪዩሎች ወደ አዎንታዊና አሉታዊ አዮኖች ይለያቸዋል፤ አየሩም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ላንዥቫን በ1902 ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በእነዚሁ አዮኖች ላይ ያተኮረ ነበር። አዮኖቹ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጓዙና ተቃራኒዎቹ ተገናኝተው እንደገና እንዴት እንደሚዋሐዱ በስሌትና በሙከራ አሳዩ።

ይህ ሥራ ለሕክምና የራቀ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በጨረር ሕክምና ክፍል ለካንሰር ሕመምተኛ የሚሰጠው የጨረር መጠን ትክክለኛ መሆኑ የሚረጋገጠው አዮኖችን በሚሰበስብ መለኪያ ነው። አዮኖቹ ከመሰብሰባቸው በፊት እርስ በርሳቸው ከተዋሐዱ መለኪያው ከእውነተኛው መጠን አሳንሶ ያነባል። በመሆኑም የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ለዚህ ጉድለት ማስተካከያ ያደርጋል። ጉድለቱ ከየት እንደሚመጣ በስሌት ካስረዱት ቀደምት ሰዎች አንዱ ላንዥቫን ናቸው።

በ1905 ደግሞ የማግኔትነትን ባሕርይ ከአተሞች ውስጣዊ እንቅስቃሴ ጋር አያይዘው የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አወጡ። ፒዬር ኪዩሪ እንደ ኦክስጅን ያሉ አንዳንድ ነገሮች በማግኔት በጥቂቱ እንደሚሳቡና ይህም ስበት ሙቀት በጨመረ ቁጥር እንደሚቀንስ ቀደም ብለው በሙከራ ደርሰውበት ነበር፤ ምክንያቱን ግን የሰጡት ተማሪያቸው ናቸው። ዛሬ በአንዳንድ የሰመመን መስጫ መሣሪያዎች ላይ ሕመምተኛው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን የሚለካው ክፍል የሚሠራው ኦክስጅን ከሌሎቹ ጋዞች ተለይቶ በማግኔት የሚሳብ በመሆኑ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ ጥቃቅን ብናኞች በፈሳሽ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ የሚገልጽ ቀመር አቀረቡ። ይህም በስማቸው የሚጠራ ሲሆን እስካሁን ድረስ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በሥነ ሕይወት ምርምር ይሠራበታል።

መምህሩ ላንዥቫን

ላንዥቫን ካሳተሙት ይልቅ ያስተማሩት ይበዛል። በ1902 በኮሌዥ ደ ፍራንስ ተተኪ መምህር ሆነው ጀመሩ፤ በ1909 የሙሉ ፕሮፌሰርነት መንበር ያዙ። ኮሌዥ ደ ፍራንስ ዲግሪ የማይሰጥ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ገብቶ የሚማርበት ተቋም ነው። ፒዬር ኪዩሪ ወደ ሶርቦን ሲዛወሩ ቀድሞ በተማሩበት ትምህርት ቤት ቦታቸውን የተረከቡትም ላንዥቫን ናቸው፤ ኋላም የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሆኑ። በሴቭር በሚገኘው የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛም አስተምረዋል።

የአልበርት አንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ በፈረንሳይ እንዲታወቅ ከማንም በላይ የደከሙት እርሳቸው ነበሩ። በ1911 በቦሎኛ ጉባኤ ላይ ባሰሙት ንግግር፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ተጉዞ የሚመለስ መንገደኛ በምድር ከቆዩት ያነሰ ዕድሜ ይዞ እንደሚመለስ የሚያስረዳውን ምሳሌ አቀረቡ። ይህ ኋላ “የመንታዎቹ እንቆቅልሽ” ተብሎ ታወቀ። አንስታይንም ላንዥቫን ሲሞቱ በጻፉት የሐዘን ጽሑፍ፣ ንድፈ ሐሳቡ በሌላ ቦታ ባይገኝ ኖሮ ላንዥቫን ራሳቸው ይደርሱበት እንደነበር መስክረዋል።

ወጣቱ ልዊ ደ ብሮይ ቁስ አካልም እንደ ብርሃን የሞገድ ባሕርይ አለው የሚል ያልተለመደ ሐሳብ የያዘ የዶክትሬት ጥናት በ1924 ሲያቀርቡ፣ ከፈታኞቹ አንዱ የነበሩት ላንዥቫን ሳይንቁትና ሳያጣጥሉት ቅጂውን ወደ አንስታይን ላኩት። አንስታይን ወደዱት፤ ደ ብሮይም በ1929 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የላንዥቫን ሌላው ተማሪ ፍሬዴሪክ ዦልዮ ሲሆኑ፣ በማሪ ኪዩሪ ቤተ ሙከራ ረዳት ሆነው እንዲቀጠሩ ያሳሰቡት ላንዥቫን ነበሩ። ዦልዮ በዚያ ከተዋወቋቸው ከኢሬን ኪዩሪ ጋር ትዳር መሥርተው፣ ባልና ሚስቱ በ1934 ሰው ሠራሽ ራዲዮአክቲቪቲን አገኙ። በኒዩክሌር ሕክምና ለታይሮይድና ለሌሎች ሕመሞች ምርመራ የሚሰጡት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የዚህ ግኝት ፍሬ ናቸው። ኢሬን ራሳቸው በልጅነታቸው፣ በእናታቸው አነሳሽነት ምሁራን ወላጆች ልጆቻቸውን በየተራ ለማስተማር ባቋቋሙት የኅብረት ትምህርት ቤት፣ ሒሳብ የተማሩት ከላንዥቫን ነበር።

የ1911 ዓመት ግን መልካም ብቻ አልነበረም። ፒዬር ኪዩሪ በ1906 በጎዳና ላይ በፈረስ ጋሪ ተገጭተው ከሞቱ በኋላ፣ በላንዥቫንና በማሪ ኪዩሪ መካከል የፍቅር ግንኙነት ተፈጥሮ ነበር። ላንዥቫን ባለትዳርና የ4 ልጆች አባት ነበሩ፤ ትዳራቸው ግን ሰላም ካጣ ቆይቷል። የግል ደብዳቤዎቻቸው በጋዜጣ ሲወጡ ውግዘቱ በአብዛኛው ያረፈው በሴቲቱ ላይ ሆነ፤ በውጭ ሀገር ተወላጅነታቸውም ጭምር ተሰደቡ። ላንዥቫን ስድቡን የጻፈውን ጋዜጠኛ በሽጉጥ እንዲፋለማቸው ጠሩት። ሁለቱ በኅዳር 25 ቀን ፊት ለፊት ቢቆሙም አንዳቸውም ሳይተኩሱ ተለያዩ። ማሪ ኪዩሪ በዚያው ሰሞን ሁለተኛውን የኖቤል ሽልማታቸውን ተቀበሉ። ግንኙነታቸው በፍቅር ባይዘልቅም በሙያ ጓደኝነት ጸንቶ ኖረ። ከዓመታት በኋላ የላንዥቫን የልጅ ልጅ የማሪ ኪዩሪን የልጅ ልጅ አገባ።

የማይሰማው ድምፅ

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የባሕር መንገዶችን አስጨነቁ። ውኃ ብርሃንንም የራዲዮ ሞገድንም ወዲያው ስለሚውጥ ከሥር የተደበቀውን መርከብ ማየት አልተቻለም። በውኃ ውስጥ ርቆ የሚጓዘው ድምፅ ብቻ ነው። ኮንስታንቲን ቺሎቭስኪ የተባሉ ሩስያዊ መሐንዲስ በ1915 መጀመሪያ ለፈረንሳይ መንግሥት አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ በውኃ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ተልኮ ከመርከቡ አካል ተንጸባርቆ ሲመለስ የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ መርከቡ ያለበትን ቦታ ማወቅ ይቻላል የሚል ነበር። ሐሳቡን እንዲመረምሩ የታዘዙት ላንዥቫን ናቸው።

ላንዥቫን ሐሳቡን ተቀበሉ፤ ነገር ግን የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ለዚህ እንደማይበቃ ተረዱ። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ እንደ ኩሬ ሞገድ በየአቅጣጫው ይበተናል። እንደ ባትሪ መብራት ጨረር ቀጥ ብሎ እንዲጓዝ ከተፈለገ የሞገዱ ርዝመት ከላኪው መሣሪያ ስፋት በእጅጉ ማነስ አለበት፤ ለዚህም ድግግሞሹ ጆሮ ከሚሰማው ከ20,000 ሄርዝ በላይ መሆን ይኖርበታል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 1,500 ሜትር ስለሚጓዝ በ40,000 ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 4 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። አልትራሳውንድ የተባለው እንግዲህ ይኸው ከመስማት በላይ የሆነ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተደረጉት በፓሪስ፣ በሴን ወንዝ ላይ ነበር፤ ቀጥሎም ሥራው ወደ ቱሎን የባሕር ኃይል ወደብ ተዛወረ። በ1916 ላንዥቫንና ቺሎቭስኪ በጋራ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ላኪ ደካማና በቀላሉ የሚበላሽ ነበር። በ1917 ላንዥቫን የመምህራቸውን ክሪስታል አስታወሱ። ኳርትዝ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲያገኝ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥም ውኃውን ገፍቶ ድምፅ ይልካል። ተመላሹ ድምፅ ሲደርሰው ደግሞ በተራው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። አንዱ መሣሪያ አፍም ጆሮም ሆነ ማለት ነው። በዚያ ዝቅተኛ ድግግሞሽ በሚገባ የሚንቀጠቀጥ ወፍራም ኳርትዝ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነበር። ላንዥቫን መፍትሔ አበጁለት፤ ስስ የኳርትዝ ቁርጥራጮችን ጎን ለጎን ደርድረው በሁለት ወፍራም የብረት ሰሌዳዎች መካከል አጣበቋቸው፤ ሦስቱም እንደ አንድ አካል አብረው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። በዚያው ጊዜ ለራዲዮ አገልግሎት የተሠሩት የኤሌክትሮን ቱቦዎች ደካማውን ተመላሽ ምልክት ለማጉላት ረዱ። በ1918 መጀመሪያ ከሰርጓጅ መርከብ የተመለሰ ግልጽ የገደል ማሚቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

መሣሪያው በስፋት ሥራ ላይ ሳይውል ጦርነቱ በዚያው ዓመት በኅዳር አበቃ። ከጦርነቱ በኋላ ግን መርከበኞች የባሕርን ጥልቀት ለመለካት ተጠቀሙበት። በሁለት ብረት መካከል ክሪስታል የያዘው አሠራር እስከዛሬ “የላንዥቫን ትራንስዱሰር” ይባላል፤ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በንዝረት በሚያጸዱ ማጠቢያዎችና የጥርስ ቆሻሻን በሚያነሡ የጥርስ ሕክምና መሣሪያዎች ውስጥም ይገኛል።

በቱሎን ከታዩት ነገሮች አንዱ ለጤና ባለሙያ በተለይ ሊታወስ ይገባል። ከላኪው ፊት ለፊት የነበሩ ትናንሽ ዓሦች በኃይለኛው ሞገድ ይሞቱ ነበር፤ እጁን በውኃው ውስጥ ያስገባ ሰውም ሕመም ይሰማው ነበር። ይህን የተመለከቱት አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ ኋላ ከአልፍሬድ ሉሚስ ጋር ሆነው የአልትራሳውንድን ሥነ ሕይወታዊ ውጤት አጥንተው በ1927 አሳተሙ። ስለዚህ አልትራሳውንድ በሰው አካል ላይ ምርመራ ከመሥራቱ በፊት ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ይታወቅ ነበር። ዛሬ ለምርመራ የሚውለው ኃይል እጅግ የተመጠነ ሲሆን፣ ባለሙያው ለምርመራው ከሚበቃው ኃይልና ጊዜ እንዳያልፍ የሚታዘዘውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በአንጻሩ በአንድ ነጥብ ላይ የተሰበሰበ ኃይለኛ አልትራሳውንድ ዕጢን አቃጥሎ ለማጥፋት በሕክምና ይውላል።

ከባሕር ወደ ሕክምና

ከቱሎን እስከ ምርመራ ክፍል ያለው መንገድ ረጅም ነበር። በቪየና ካርል ዱሲክ የተባሉ ሐኪም በ1942 ባሳተሙት ጽሑፍ አልትራሳውንድን በራስ ቅል ውስጥ በማሳለፍ የአንጎልን ሁኔታ ለማየት ሞከሩ፤ አጥንት ድምፁን ስለሚያዛባው ውጤቱ አስተማማኝ አልሆነም። በ1953 በስዊድን ሀገር ኢንገ ኤድለርና ካርል ሄልሙት ሄርዝ የልብን እንቅስቃሴ በተመላሽ ድምፅ መከታተል ቻሉ። በስኮትላንድ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም የነበሩት ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1958 ያወጡት ጽሑፍ ደግሞ በሆድ ውስጥ ያሉ ዕጢዎችንና ጽንስን በአልትራሳውንድ ማየት እንደሚቻል አሳየ። ዶናልድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል አገልግለው ስለነበር ሞገድ ልኮ ተመላሹን ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር።

መሣሪያው ቢራቀቅም መርሑ አልተለወጠም። የዛሬው ፕሮብ በኳርትዝ ፈንታ ይበልጥ ኃይለኛ በሆኑ ሰው ሠራሽ ሴራሚኮች ይሠራል፤ ድግግሞሹም ከ40,000 ሄርዝ ወደ ሚሊዮኖች አድጓል። ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሴኮንድ በአማካይ 1,540 ሜትር ይጓዛል። በ3.5 ሚሊዮን ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ጥቃቅን ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። መሣሪያው ጥልቀትን የሚያውቀውም ላንዥቫን እንዳደረጉት የመመለሻውን ጊዜ ቆጥሮ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ጥልቀት ደርሶ መልሱ 13 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። አየር ሞገዱን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ በፕሮቡና በቆዳ መካከል ጄል ይቀባል። ውኃ ውስጥ የተወለደው ቴክኒክ ዛሬም ያለ እርጥበት አይሠራም።

ሳይንስና ፍትሕ

ላንዥቫን በቤተ ሙከራቸው ተዘግተው የሚኖሩ ሰው አልነበሩም። ገና በ1898 ያለ ጥፋቱ ለተፈረደበት ለአይሁዳዊው መኮንን ለአልፍሬድ ድሬፉስ ፍትሕ ከጠየቁት ምሁራን አንዱ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ጥላቻው ገና ሳይበርድ፣ በ1922፣ አንስታይንን ከጀርመን ጋብዘው በኮሌዥ ደ ፍራንስ እንዲያስተምሩ አደረጉ። የጠላት ሀገር ምሁር ተብለው የሚጠሉትን ሰው መጋበዝ በጊዜው ተቃውሞ የሚያስነሣ ተግባር ነበር።

በ1934 ፋሺዝም በፈረንሳይም ሲያንሰራራ፣ አላን ከተባሉት ፈላስፋና ከፖል ሪቬ ጋር ሆነው ፋሺዝምን የሚቃወሙ ምሁራን የንቃት ኮሚቴ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ። ለምን የምርምር ጊዜያቸውን ለእንዲህ ያለ ሥራ እንደሚያውሉ ለሚጠይቋቸው ወዳጆች፣ እርሳቸው የሚሠሩትን ምርምር ሌላ ሰው ሊሠራው እንደሚችል፣ ነፃነትን የማስጠበቁ ሥራ ካልተሠራ ግን ሳይንስ ራሱ እንደማይኖር ይመልሱ እንደነበር ቅርበኞቻቸው ጽፈዋል። በእምነታቸው የሰው ልጅ በዕውቀት የተራመደውን ያህል በፍትሕ አልተራመደም፤ አደጋውም ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

እስርና ሐዘን

ሰኔ 1940 ጀርመኖች ፓሪስን ያዙ። በጥቅምት 30 ቀን የ68 ዓመቱ አዛውንት ፕሮፌሰር በወራሪው ጦር ተይዘው በላ ሳንቴ እስር ቤት ተቆለፉ። በኅዳር 8 ቀን፣ ትምህርት ሊሰጡ በሚገባበት ዕለት፣ ተማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በኮሌዥ ደ ፍራንስ ተሰብስበው ተቃውሞ አሰሙ። በወራሪው ላይ በፓሪስ ከተሰሙት የመጀመሪያዎቹ የምሁራን ድምፆች አንዱ ይህ ነበር። ከ40 ቀን ገደማ እስራት በኋላ ከሥራቸው ተባርረው በትሯ ከተማ በቁም እስር እንዲቆዩ ተደረገ።

የከፋው ሐዘን ግን ገና ነበር። የሴት ልጃቸው የኤሌን ባል ዣክ ሰሎሞን የታወቁ የራዲዮሎጂ ሐኪም ልጅና ራሳቸውም የፊዚክስ ተመራማሪ ነበሩ። ላንዥቫን ሲታሰሩ ከጓደኞቻቸው ጋር “ነፃ ዩኒቨርሲቲ” የተባለ ኅቡዕ ጋዜጣ አቋቋሙ። በ1942 ተይዘው በግንቦት 23 ቀን በሞን ቫሌሪየን በጥይት ተገደሉ። ኤሌንም ታስረው በጥር 1943 ወደ አውሽቪትስ የሞት ሠፈር ተጋዙ፤ ከዚያ መከራ ተርፈው በ1945 ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ላንዥቫን ራሳቸው ሕይወታቸው አደጋ ላይ በመውደቁ በግንቦት 1944 በአርበኞች እርዳታ ድንበር ተሻግረው ወደ ስዊዘርላንድ ሸሹ። በመስከረም፣ ፓሪስ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ ተመለሱ።

የመጨረሻ ዓመታት

በቀራቸው ጥቂት ጊዜ ዋና ሥራቸው ያደረጉት ትምህርትን ነበር። የፈረንሳይን ትምህርት የሚያሻሽል ዕቅድ እንዲያዘጋጅ የተቋቋመውን ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መሩ። ዕቅዱ የድኻም የሀብታምም ልጅ እንደ ችሎታው እኩል ዕድል እንዲያገኝ፣ ግዴታ የሆነው ትምህርትም እስከ 18 ዓመት ዕድሜ እንዲዘልቅ ይጠይቅ ነበር። ሥራው ሳያልቅ በታኅሣሥ 19 ቀን 1946 በ74 ዓመታቸው በፓሪስ ዐረፉ። ሐኪምና የሥነ ልቡና ሊቅ የነበሩት ኦንሪ ቫሎን ሥራውን ተረክበው በ1947 አጠናቀቁት፤ ዕቅዱም በሁለቱ ስም ይጠራል። በሙሉ በሥራ ላይ ባይውልም በፈረንሳይ ስለ ትምህርት በተነሣ ክርክር ሁሉ ሲጠቀስ ኖሯል። በኅዳር 1948 የላንዥቫን አጽም ከዣን ፔራን አጽም ጋር ፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎቿን ወደምታሳርፍበት ወደ ፓንቴዎን ተዛወረ።

መደምደሚያ

ላንዥቫን ሐኪም አልነበሩም፤ አንድም ሕመምተኛ አላከሙም። በስማቸው የተመዘገበ የሕክምና ግኝትም የለም። ሆኖም ማዋለጃ ክፍል፣ የልብ ሕክምና ክፍል፣ የድንገተኛ ክፍልና የጨረር ሕክምና ክፍል የእርሳቸው ዕውቀት ያልገባባቸው አይደሉም። መምህራቸው ፒዬር ኪዩሪ በ1880 ለምንም ጥቅም ሳያስቡ ያጠኑት ክሪስታል፣ በተማሪያቸው እጅ የመርከብ መፈለጊያ፣ በሐኪሞች እጅ ደግሞ የጽንስ መመልከቻ ሆነ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋገሩት ቀለበቶች መምህራን ናቸው።

የታሪኩ ሌላው ትምህርት መሣሪያ በራሱ ደግም ክፉም አለመሆኑ ነው። ዓሣ የገደለው ሞገድ ተመጥኖ እናትንና ልጅን አተረፈ። ልዩነቱን ያመጣው መሣሪያውን የያዘው ሰው ዕውቀትና ኅሊና ነው። ላንዥቫን ሁለቱ እንዳይነጣጠሉ እስከ እስር ቤት ድረስ ዋጋ ከፍለዋል። የገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ፕሮቡን በእናቲቱ ሆድ ላይ ስታሳርፍ፣ ያን ሞገድ መጥና ለሰው ጥቅም የማዋሉ ኃላፊነት በእጇ ላይ ያርፋል።